ለአሮጌ ትራክተር የሞተር ኦይል ሲል እንዴት ይፈለጋል?

መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ «የማሲ ፈርጉሰን 135 ኦይል ሲል አለ?» ብትሉ መልሱ ብዙ ጊዜ «የለም» ነው። «የፐርኪንስ 3 ሲሊንደር የኋላ ኦይል ሲል» ብላችሁ ጠይቁና ልዩነቱን እዩት። ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘንጉ በሚወጣበት በኩል ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ማሸጊያ፣ የሚገዛው በሞተሩ ስም እንጂ በትራክተሩ ስም አይደለም። 135 ላይ ያለው የፐርኪንስ 3.152 ሞተር ማሲ 240 ትራክተር ላይም አለ፤ ጄኔሬተር ላይም ይገጠማል። የትራክተር ዕቃ ሻጩ ባዶ እጃችሁን ከሸኛችሁ የጄኔሬተር ዕቃ ሻጭ ጋ ጎራ በሉ።

1. የሚያፈስበትን ቦታ ለዩ

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አጥባችሁ አድርቁት። ከዚያ ትንሽ አስነስታችሁ በባትሪ ከላይ ወደ ታች ፈትሹ። ከቫልቭ ክዳኑ የወረደ ዘይት ታች ሲደርስ የኋላ ሲል ያፈሰሰው ይመስላል። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ የክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የኋላ ሲልና የካምቢዮው የፊት ሲል። በጣት ነክታችሁ እዩት። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቁር ነው፤ የካምቢዮው ያን ያህል አይጠቁርም።

የሞተሩን መተንፈሻም አትርሱ። ከተደፈነ ውስጥ ያለው ግፊት ደህናውን ሲል ሳይቀር አልፎ ዘይቱን ያስወጣል። እሱን ማጽዳት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

2. የሞተሩን ቁጥር በፎቶ ያዙ

አብዛኛውን ጊዜ ኢንጀክሽን ፓምፑ ባለበት ጎን ብሎኩ ላይ ተመትቶ ይገኛል። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጋችሁ ፎቶ አንሱት። በ«ሲ ኢ» ከጀመረ 3.152 ነው፤ በ«ኤል ዲ» ከጀመረ ባለ 4 ሲሊንደሩ 4.236። ቆየት ባሉት ላይ ቁጥሩ ራሱ በ152 ይጀምራል። «የኔ 135 ስለሆነ ሞተሩን አውቀዋለሁ» አትበሉ። ዕድሜ የጠገበ ትራክተር ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

3. ገመድ ነው ወይስ ላስቲክ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የድሮዎቹ ፐርኪንሶች የኋላ ሲላቸው ክብ ላስቲክ ሳይሆን ገመድ ነው። ገመዱ ለሁለት በተከፈለ የብረት ቤት ውስጥ ይቀመጣል። በኋላ የመጡት ባለ ከንፈር (ዘንጉን የሚነካ ስስ ጠርዝ ያለው) የላስቲክ ሲል አላቸው። አንዱን በሌላው ቦታ ልግጠም ማለት ኪሳራ ነው። ሞተሩ ሳይከፈት መለየት ካልቻላችሁ የሞተሩን ቁጥር ለሻጩ አሳዩት።

4. ለኩ

የፊቱና ሌሎቹ የላስቲክ ሲሎች ላይ ሦስት ቁጥር ታትሟል፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት። ቁጥሩ ከጠፋ በካሊፐር ለኩ። ግን የደረቀውን ከንፈር አትለኩ፤ ዘንጉንና ሲሉ የሚቀመጥበትን ቀዳዳ ለኩ። ፐርኪንስ የእንግሊዝ ሥሪት ስለሆነ ልኩ በኢንች ሊሆን ይችላል። 2 ኢንች ማለት 50.8 ሚሊሜትር ነው። ሻጩ «50 ይሆናል፣ ያው ነው» ካለ አይሆንም በሉት።

ዘንጉን ስትለኩ ሲሉ የሚያርፍበት ላይ ጥፍራችሁን ጎተት አድርጉ። ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ ካለ አዲሱም ሲል ማፍሰሱ አይቀርም። መፍትሔው ዘንጉ ላይ የሚለብስ ስስ የብረት ቀለበት ነው። እሱ ከጠፋ፣ ቦታው ከፈቀደ ሲሉን ሁለት ሚሊሜትር ያህል አሽሽቶ ከንፈሩን ያልተበላው ላይ ማሳረፍ ይቻላል።

5. ስትገዙ

አዲስ አበባ ከሆናችሁ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጠይቁ። አሮጌውን ሲል ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲወጣ የተቆራረጠ እንኳ ቢሆን አትጣሉት። አዲሱን ከመክፈላችሁ በፊት ከንፈሩን በጣት አጠፍ አድርጉት። ወዲያው ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ መደርደሪያ ላይ አርጅቷል ማለት ነው። ከንፈሩን ዞሮ የሚይዘው ቀጭን ስፕሪንግም ቦታው ላይ ይሁን። ተራው ላስቲክ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ቪተን የሚባለው ወደ 200 ይጠጋል፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል።

6. ሲገጠም

ማሲ ፍሬም የለውም፤ ሞተሩ ራሱ የትራክተሩ ወገብ ነው። የኋላውን ሲል ለመቀየር ትራክተሩ ለሁለት ይከፈላል። ለአንድ ሲል ይህን ሁሉ ከከፈታችሁ ፍሪሲዮኑንና ኩሽኔታውንም አብራችሁ አሳዩ።

የላስቲኩ ሲል ስፕሪንግ ያለበት ጎን ወደ ዘይቱ ይዞራል። ከንፈሩ ዘይት ይቀባል። ከዚያ በልኩ ቱቦ ወይም በጠፍጣፋ እንጨት ዙሪያውን እኩል መታ መታ ይደረጋል።

የገመዱ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ሁለቱ ጫፎች፣ ቀጥሎ የቀረው ከመሐሉ ጀምሮ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከዚያ በክብ ብረት እያሽከረከሩ መጫን ነው። ጫፎቹ ከቤቱ ፊት ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ብቅ ማለት አለባቸው፤ እኩል አድርጋችሁ እንዳትቆርጧቸው። አሮጌው ገመድ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በኮምፕሬሰር አየር አትንፉት። አርጥባችሁ አውጡትና በፌስታል ጠቅልላችሁ ጣሉት።