ከሀዋሳ የወጣ ልጅ ውጭ ሲሸጥ፣ ያሰለጠነው ፕሮጀክት ድርሻውን እንዴት ይወስዳል?

ሽመልስ በቀለ ከሀዋሳ ተነስቶ በግብፅ ሊግ ለዓመታት ተጫውቷል። ከእሱ ቀጥለው የሚመጡት ደግሞ ዛሬ ታቦር ተራራ ሥር አቧራ ላይ እየሮጡ ነው። ከእነዚህ አንዱ ነገ ውጭ አገር ቢሸጥ፣ በ12 እና በ13 ዓመቱ ኳስ ያስያዘው ፕሮጀክት (የታዳጊዎች ማሰልጠኛ ቡድን) በፊፋ ደንብ የሚገባው ገንዘብ አለ። ገንዘቡ የማንም ችሮታ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ፍርድ ቤት በተጫዋቹ ቦስማን ጉዳይ የሰጠው ፍርድ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ክፍያ እንዲሄድ ፈቀደ፤ በ2001 ፊፋና የአውሮፓ ኮሚሽን ሲስማሙ ልጅ ለሚያሳድጉ ክለቦች መካሻ ሆኖ የገባ መብት ነው። ብዙ ጊዜ ድርሻው የሚጠፋው ልጁ በተሸጠበት ቀን ሳይሆን ከዓመታት በፊት፣ ቴሴራ (የተጫዋችነት መመዝገቢያ ካርድ) ሳይወጣለት በቀረበት የውድድር ዓመት ነው።

ክፍያዎቹ ሁለት ናቸው፤ የስልጠና ካሳ እና ሶሊዳሪቲ (የአሰልጣኝ ክለቦች የትብብር ድርሻ)፤ አይምታቱ።

የስልጠና ካሳ የሚከፈለው ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሮፌሽናል ሆኖ በሌላ አገር ክለብ ሲመዘገብ ሲሆን፣ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ያሰለጠኑት ሁሉ እንደ ቆይታቸው ይካፈሉታል። ክለቦች እንደ ማሰልጠኛ ወጪያቸው ከምድብ 1 እስከ 4 ይከፈላሉ፤ በአውሮፓ ምድብ 3 ክለብ ከፈረመ ስሌቱ በዓመት 30,000 ዩሮ ነው፤ ከ12 እስከ 15 ያሉት ዓመታት ግን በምድብ 4 ዋጋ፣ በ10,000 ዩሮ ይታሰባሉ። ተቀባዩ ክለብ ራሱ ምድብ 4 ከሆነ ምንም አይከፍልም። ልጁ መጀመሪያ ለሀዋሳ ከተማ ወይም ለአዳማ ከተማ በፕሮፌሽናልነት ፈርሞ ከዚያ ውጭ ከሄደ ደግሞ ካሳው ለመጨረሻው ክለቡ ብቻ ነው፤ ፕሮጀክቱ ከዚህ አይደርሰውም። በሴቶች እግር ኳስ የስልጠና ካሳ ጨርሶ የለም። ሴት ታዳጊ ለማሰልጠን የሚወጣው ኳስ፣ ጫማና ትራንስፖርት ከወንዱ የማያንስ ሆኖ ሳለ ይህ ግልጽ በደል ነው። ሶሊዳሪቲ ግን ለሴቶችም ይሠራል።

ለፕሮጀክት ዋናው ተስፋም ይኸው ሶሊዳሪቲ ነው። ተጫዋቹ ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ውጭ ወይም በውጭ ክለቦች መካከል በተዛወረ ቁጥር ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶ ተቀንሶ፣ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ይከፋፈላል። 12ኛ፣ 13ኛ፣ 14ኛና 15ኛ ልደቱ የዋሉባቸው የፈረንጆች ዓመታት (ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር) እያንዳንዳቸው ከጠቅላላው ዋጋ 0.25 በመቶ ያስገኛሉ፤ ከ16 እስከ 23 ያሉት ደግሞ እያንዳንዳቸው 0.5 በመቶ። ልጁን ከ13 እስከ 16 ይዛችሁት በ400,000 ዶላር ቢሸጥ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር፣ ለአራተኛው 2,000፣ በድምሩ 5,000 ዶላር ይደርሳችኋል። በ29 ዓመቱ እንደገና ቢሸጥ እንደገና ትካፈላላችሁ። ውሉን ጨርሶ በነፃ ከሄደ ግን የሚካፈል ነገር የለም።

አሁን ወደ ሥራው።

መጀመሪያ ፕሮጀክቱ በከተማና በክልል ፌዴሬሽን በኩል ከኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጋር የተሳሰረ፣ በታወቀ ውድድር የሚሳተፍ ክለብ መሆን አለበት። የሰፈር ዋንጫ ብቻ የሚጫወት ቡድን፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢያሰለጥን፣ በፊፋ ዓይን የለም።

ቀጥሎ ቴሴራ። ለእያንዳንዱ ልጅ በየዓመቱ አውጡ፤ ከዚያም መረጃው በፌዴሬሽኑ የኤሌክትሮኒክስ መዝገብ መግባቱን ጠይቁና የልጁን የፊፋ መለያ ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። ካርዱ በእጅ ኖሮ መዝገቡ ላይ ከሌለ ያ ዓመት ባዶ ሆኖ ይታያል። የገባበትና የለቀቀበት ቀን ሁለቱም ይጻፉ፤ ዓመቱ ካልሞላ ድርሻው በተጫወተበት ጊዜ ልክ ይቆረጣል።

የልደት ቀን ላይ ቆም በሉ፤ ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። በጥር 5 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ልደቱ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 13 ቀን 2006 ነው። ወደ ፈረንጆቹ ዓመት ለመቀየር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ 8 ነው። መዝጋቢው በልማድ 7 ደምሮ 2005 ቢጽፍ የልጁ ዕድሜ በአንድ ዓመት ይገፋል፤ የ0.25 እና የ0.5 በመቶ ዓመታትም ይዛባሉ። ይባስ ብሎ ቀኑ ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም። ሆን ብሎ ዕድሜ መቀነስማ ልጁንም ፕሮጀክቱንም ያጠፋል። የልደት ሰርተፊኬቱን ከወሳኝ ኩነት ቀድማችሁ አስወጡ፤ ቴሴራው ላይም ያንኑ ቀን አስጽፉ።

የተጫዋቾች ዝርዝር፣ የጨዋታ ቅጽና የመልቀቂያ ደብዳቤ ቅጂ በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ልጁ ለሌላ ክለብ ሲሄድ ያለ መልቀቂያ አትሸኙት፤ የእናንተ ቆይታ የሚያበቃበትን ቀን የሚያሳየው እሱ ነው።

ዝውውሩ ሲፈጸም የፊፋ ሥርዓት ከየአገሩ መዝገብ ሰብስቦ የተጫዋቹን የኤሌክትሮኒክስ ፓስፖርት (ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የተመዘገበባቸውን ክለቦች ዝርዝር) ያዘጋጃል። ስማችሁ ከጎደለ በፌዴሬሽኑ በኩል ማስረጃ አያይዛችሁ እንዲታረም ጠይቁ። የማረሚያው ጊዜ አጭር ስለሆነ ዜናውን እንደሰማችሁ ደውሉ እንጂ ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ።

በዚህ መሃል ወረቀት ይዞ የሚመጣ ደላላ አይጠፋም። «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ሰነድ ላይ አትፈርሙ። የልጁን የወደፊት ሽያጭ መቶኛ ለግለሰብ መሸጥም ከግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅን «ሙከራ አለው» ብሎ ውጭ ሊወስድ የመጣን ሰው በተለይ ተጠንቀቁ፤ በዚያ ዕድሜ ዓለም አቀፍ ዝውውር ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በስተቀር የተከለከለ ነው። ወላጆቹን ጠርታችሁ ይህንን ፊት ለፊት ንገሯቸው።

ገንዘቡ ከኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚያልፈው ፓሪስ ባለው የፊፋ ክሊሪንግ ሀውስ ነው። ከመክፈሉ በፊት የክለቡን ሕጋዊ ምዝገባ፣ የኃላፊዎቹን ማንነትና የባንክ ሒሳቡን ያጣራል። በአሰልጣኙ ስም የተከፈተ ሒሳብ አያልፍም። ሒሳቡን በፕሮጀክቱ ስም፣ በሁለት ፊርማ፣ ዛሬውኑ ክፈቱ፤ በምዝገባ ወረቀቱና በባንክ ደብተሩ ላይ ያለው የክለቡ ስም ደግሞ በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን።