ሪንግ ሞዱሌተር አልታዘዝ ሲል

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ቤታቸው ውስጥ ሙዚቃ የሚሠሩ ልጆች ስለ ሪንግ ሞዱሌሽን ሲያወሩ ቅሬታቸው አንድ ዓይነት ነው። «ከፈትኩት፣ ጆሮዬን በላው፣ ዘጋሁት።» ዕቃው፣ ማለትም ሪንግ ሞዱሌተሩ (ከዚህ በኋላ «ሪንጉ»)፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። የሚሠራውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ድምፅ ተቀብሎ ያባዛል። 440 ሄርትዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) እና 100 ሄርትዝ ላይ ያሉ ሁለት ሳይኖች፣ ማለትም ምንም ያልተቀላቀለባቸው ንጹሕ ድምፆች፣ ብታስገቡ የሚወጣው 540 እና 340 ነው። ድምራቸውና ልዩነታቸው። 440ም የለም፣ 100ም የለም። ከዚህ በታች ያለው ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህች ሒሳብ ይመዘዛል። ዜማውን የምትጫወቱበትን ድምፅ «ዜማ»፣ የሚያባዛውን ደግሞ «ካሪየር» እያልኩ ልቀጥል።

ጭራሽ ድምፅ የለም

በዜሮ የተባዛ ነገር ዜሮ ነው። ከሁለቱ መግቢያዎች አንዱ ባዶ ነው ማለት ነው። ሁለቱን ድምፆች በየተራ፣ ሪንጉን ሳትነኩ፣ ለብቻ አዳምጡ። ያልተሰማው ነው ጥፋተኛው። ሰርጅ ኤክስቲ የተባለውን ነፃ ሲንተሳይዘር የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ሪንጉ ሚክሰሩ ላይ የራሱ መስመር አለው። ኦሲሌተሮቹን (ድምፅ አመንጪዎቹን) ከፍቶ እሱን መርሳት የተለመደ ነው።

ይንቀጠቀጣል እንጂ አይለወጥም

ካሪየሩ በጣም ዝቅ ብሏል። ከ20 ሄርትዝ በታች ጆሮ አዲስ ድምፅ አይለይም፤ የሚሰማው ከፍ ዝቅ ማለቱን ነው። ምናልባት ካሪየር ያደረጋችሁት ኤልኤፍኦ (ለማወዛወዝ የሚያገለግል ቀርፋፋ ኦሲሌተር) ይሆናል። ወደ 30 ከፍ አድርጉት።

እዚህ ላይ በሰው ድምፅ መሞከር ደስ ይላል። ታክሲ ተራ ሄዳችሁ ወያላው «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ!» ሲል በስልክ ቅዱት። ፈቃድ ጠይቁ ታዲያ፣ አለዚያ ነገር ይመጣል። ድምፁ 200 ሄርትዝ ላይ ነው እንበል፤ ከበላዩ 400፣ 600 እያሉ የሚሄዱ ሃርሞኒኮች (የመነሻው ብዜት የሆኑ ድምፆች) አሉት። በ30 ስታባዙት 170 እና 230፣ 370 እና 430፣ 570 እና 630 ይወጣል። እያንዳንዱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ቃሉ ይሰማል፣ የሰው ለዛው ግን የለም። ካሪየሩን ከዚያ በላይ እየጨመራችሁ ስትሄዱ ቃሉም እየደበዘዘ ይመጣል።

ዜማው ጠፋ

ዋናው በሽታ ይሄ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ካሪየሩ ኪቦርዱን መከተል አለመከተሉ ነው። 100 ላይ ተተክሎ ከቀረ፣ 200 ስትጫወቱ 100 እና 300 ይወጣል። አንድ ኦክታቭ ከፍ ብላችሁ 400 ስትነኩ ደግሞ 300 እና 500። ጣታችሁ ኦክታቭ ወጣ፣ ድምፁ ግን አልወጣም። መፍትሄው የካሪየሩን ኪይትራክ (ኪቦርዱን እንዲከተል የሚያደርገውን ቁልፍ) ማብራት ነው። ያኔ በሁለቱ መካከል ያለው ምጣኔ የትም ብትሄዱ አይናጋም። ሁለት ለሦስት አድርጉት፤ 200 እና 300 ሲገቡ 100 እና 500 ይወጣል፤ ዜማ የሚሸከም፣ የተስተካከለ ድምፅ ነው። 1 ለ1.41 ካደረጋችሁት ደወል ይሆናል። ደወል ውስጥ ያሉት ድምፆች የአንዱ ቁጥር ብዜት አይደሉምና። ማለዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለፈ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል።

እኔ የምወደው ግን ሁለተኛውን መንገድ ነው። ካሪየሩን ተክላችሁ ተዉት፤ ነገር ግን የቅኝቱ መነሻ ላይ ይሁን። በትዝታ ሜጀር እንየው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ካሪየሩ መካከለኛው ዶ ነው፤ 261.6። ሶል 392 ነው። ድምራቸው 653.6 ይሆናል፤ የላይኛው ሚ፣ ትንሽ ዝቅ ያለ። ልዩነታቸው 130.4፤ የታችኛው ዶ። አንዱም ከትዝታ አልወጣም። ሶልን ነካችሁ፣ ዶና ሚ መለሰላችሁ!

ላ ላይ ግን ነገሩ ይቀየራል። 440 ነውና ድምሩ 701.6፣ ልዩነቱ 178.4 ይመጣል። ሁለቱም ፋ አጠገብ ናቸው። ይሄ ትዝታ ደግሞ ፋ የለውም። ሬም ያስቸግራል፤ ድምሩ 555.3 ነው፣ ከላይኛው ዶ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ። ስለዚህ ዜማው ዶና ሶል ላይ ሲያርፍ ይጠራል፣ ሬና ላን ሲነካ ይጎመዝዛል። ይሄን ካወቃችሁ ጎምዛዛውን መሸጋገሪያ ላይ፣ የጠራውን ማረፊያ ላይ ማድረግ የናንተ ፋንታ ነው።

ሚ የራሱ ጣጣ አለው። በፒያኖ ቅኝት 329.6 ነው፤ ልዩነቱ 68 ይሆናል። የታችኛው ዶ ግን 65.4 ነው። ቤዙ ከቅኝቱ ይወጣል ማለት ነው። ላይ ሲሆን ጆሮ የሚያልፈው ትንሽ መዛነፍ፣ ታች ሲወርድ ገዝፎ ይሰማል። ሚን በ14 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ዝቅ አድርጉት። ወደ 327 ይጠጋል፣ ልዩነቱም ዶ ላይ ያርፋል። ብዙ አሬንጀር ኪቦርዶች ስኬል ቲዩን (እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ መቃኛ) አላቸው፤ ሰርጅም የቅኝት ፋይል ይቀበላል።

አንቺሆዬ ላይ ይሄን ሁሉ አትልፉ። ቅኝቱ ራሱ ጠባብ ርቀቶች ስላሉት ሻካራነቱ ያምርበታል። ቢያንስ ለኔ ጆሮ።

ጆሮ ይበላል

ሁለቱም መግቢያዎች ላይ ሶው ዌቭ (በሃርሞኒክ የተሞላ ድምፅ) ነው ያለው። አንዱ አሥር ሃርሞኒክ፣ ሌላውም አሥር ቢኖረው፣ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ተባዝቶ ሁለት ሁለት ይሰጣል፤ ሁለት መቶ ድምፅ። ቢያንስ አንዱን ሳይን አድርጉ። ፊልተር (የድምፁን ከፊል የሚቆርጥ) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከሪንጉ በፊት አድርጉት። ከተባዛ በኋላ መቁረጥ ድምፁን ያፍነዋል እንጂ ግርግሩን አያጠራውም።

ማንም ሳይጫወት ድምፅ አለ

የዜማውን ኬብል ንቀሉ። ካሪየሩ ራሱ፣ በራሱ ኖታ፣ አሁንም የሚሰማ ከሆነ ሾልኮ ነው። በአሮጌው አሠራር አራት ዳዮዶች ቀለበት ሠርተው ይገጠማሉ፤ አራቱ እኩል ካልሆኑ ካሪየሩ ያፈተልካል። መግቢያው ላይ ዲሲ (የማይወዛወዝ ቋሚ ቮልቴጅ) ካለም እንዲሁ። ማስተካከያ ትሪመር ካለው ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ከሌለው ከሪንጉ ኋላ ቪሲኤ (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ) አድርጉና ኖታ ሲለቀቅ እንዲዘጋ በኤንቨሎፕ (መጠኑን በጊዜ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው) እዘዙት።

ኬብሉ ሲነቀል ዝም ካለ ግን የሚገባ ነገር አለ ማለት ነው። የኛ መብራት 50 ሄርትዝ ነው። ካሪየሩ 300 ከሆነ ሃሙ (የመብራቱ ጉምጉምታ) 250 እና 350 ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ሃም መሆኑ አይታወቅም። ካሪየሩን ስታዞሩ አብሮ ይሄዳል፣ ሰው ሪንጉ የተበላሸ ይመስለዋል። መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። ከጠፋ ችግሩ እሱ ጋ ነው። ቀጥሎ ሁሉንም ዕቃ አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ሶኬቱ ኧርዝ ከሌለው፣ አሮጌ ቤት ውስጥ ይሄ ያጋጥማል፣ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። እራሳችሁ አትነካኩት።

ወደ ላይ ስወጣ ድምፁ ይወርዳል

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ጤነኛ ነው። ካሪየሩ 1000 ላይ ከሆነና ከሱ በታች የምትጫወቱ ከሆነ፣ 700 ላይ ልዩነቱ 300፣ 800 ላይ 200፣ 900 ላይ 100 ነው። ወጣችሁ፣ ወረደ። አንዳንዴ ይሄ ለቤዝ ግሩም ነው፣ ተዉት። ካልፈለጋችሁት ካሪየሩን ከዜማው በታች አውርዱ።

ሁለተኛው የዲጂታል ጣጣ ነው። በ44,100 ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ በሚለካበት ብዛት) ከ22,050 በላይ የሆነ ድምፅ ቦታ የለውም፤ ታጥፎ ይመለሳል። 15,000 እና 12,000 ሲደመሩ 27,000 ነው፣ የሚሰማው ግን 17,100። ፕለጊኑ ኦቨርሳምፕሊንግ (በከፍተኛ ሳምፕል ሬት ማስላት) ካለው አብሩት። ከሌለው ከመግቢያዎቹ አንዱን በሎውፓስ ፊልተር (የላይኛውን ድምፅ በሚቆርጠው) ቁረጡት።

ክራሩ ክራር አይመስልም

ሪንግ ዋናውን ድምፅ ይጥለዋል፤ ስለዚህ መልሳችሁ ማቀላቀል አለባችሁ። ሚክስ የሚለውን ቁልፍ ከዜሮ ጀምራችሁ ክራሩ ሳይጠፋ እስከቻለ ድረስ ክፈቱ። የተሻለ ከፈለጋችሁ የካሪየሩን መጠን በአጭር ኤንቨሎፕ አስሩት። ጣት ክሩን ሲመታ ብቻ ብረት ብረት ይላል፣ ወዲያው ይለቀዋል፣ ጅራቱ ንጹሕ ክራር ሆኖ ይቀራል። ማሲንቆ ላይ ግን ይሄ አይሠራም፤ ቀስቱ እስከተሳበ ድረስ ድምፁ አይወርድምና። ለሱ ካሪየሩን በክፍቱ ጭራ ኖታ ቃኝታችሁ፣ መጠኑን በእጅ እያዞራችሁ መቅዳት ይሻላል።