በእንግሊዝ ካለ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ተቋም መረጃ እንዴት ይጠየቃል?

በእንግሊዝ አገር የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ስለ አካባቢው ሆስፒታል ሊያውቀው የሚፈልገው ብዙ ነገር አለ፦ ሆስፒታሉ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደጠራ፣ ስንቱ በስልክ ስንቱ በአካል እንደተገኘ፣ አስተርጓሚ በመጥፋቱ ስንት ቀጠሮ እንደተስተጓጎለ። ይህን ለመጠየቅ ጋዜጠኛ ወይም ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የመረጃ ነፃነት ሕግ፣ ማንኛውም ሰው በመንግሥት ተቋማት እጅ የሚገኝ የተመዘገበ መረጃ እንዲሰጠው በጽሑፍ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ጠያቂው ዜግነቱንም ሆነ የመኖሪያ ፈቃዱን አይጠየቅም፤ መረጃውን ለምን እንደፈለገው የማስረዳት ግዴታም የለበትም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለንደን ውስጥ ስላለ ሆስፒታል መጠየቅን የሚከለክል ነገርም የለም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልጉት መረጃ የሕዝብ ነው ወይስ የግል የሚለውን መለየት ይገባል። የራስዎን የሕክምና ታሪክ፣ የምርመራ ውጤት ወይም የሐኪም ማስታወሻ የሚፈልጉ ከሆነ መንገዱ የመረጃ ነፃነት ሕግ ሳይሆን የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ነው፤ በዚህኛው መንገድ ተቋሙ ማንነትዎን አረጋግጦ ብዙውን ጊዜ ያለ ክፍያ በአንድ ወር ውስጥ ሊመልስልዎት ይገባል፣ ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነም ተጨማሪ ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል። የሟች ዘመድ የሕክምና መዝገብ ደግሞ በ1990 በወጣ ሌላ ሕግ የሚገዛ ሲሆን፣ ሊጠይቅ የሚችለውም የሟቹን ንብረት እንዲያስተዳድር በሕግ ሥልጣን የተሰጠው ሰው፣ አለዚያም ከሞቱ ጋር የተያያዘ የካሣ ጥያቄ ያለው ሰው ነው። በመረጃ ነፃነት ሕግ የሚሰጥ መልስ ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ለዓለም ሁሉ ይፋ እንደተደረገ ይቆጠራል፣ ብዙ ተቋማትም የጠያቂውን ስም አውጥተው መልሱን በድረ ገጻቸው ላይ ያኖሩታል። ስለዚህ የራስዎን ሕመም በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አይጻፉ።

ጥያቄው ሊቀርብላቸው የሚችሉት የኤን ኤች ኤስ (የሕዝብ ጤና አገልግሎቱ) ሆስፒታሎችን የሚያስተዳድሩት ትረስት የሚባሉ ተቋማት፣ ከ2022 ጀምሮ በየአካባቢው የጤና በጀት የሚደለድሉት የተቀናጀ እንክብካቤ ቦርዶችና አገልግሎቱን በአገር ደረጃ የሚመራው ኤን ኤች ኤስ ኢንግላንድ ራሱ ናቸው። የጂፒ (የቤተሰብ ሐኪም) ክሊኒኮች፣ የጥርስ ሐኪሞችና ፋርማሲዎችም ለኤን ኤች ኤስ በሚሰጡት አገልግሎት ልክ በሕጉ ይገደዳሉ። ሙሉ በሙሉ የግል የሆነ ሆስፒታል ግን አይገደድም። አንድ ትረስት የትርጉም አገልግሎቱን ለግል ድርጅት በኮንትራት ከሰጠ፣ ድርጅቱ በትረስቱ ስም የያዘው መረጃ የትረስቱ እንደሆነ ስለሚቆጠር፣ «መረጃው ያለው ኮንትራክተሩ ጋ ነው» የሚል መልስ ብቻውን በቂ አይደለም።

ከመጻፍዎ በፊት የተቋሙን ድረ ገጽ ማየት ጊዜ ይቆጥባል። የቦርድ ስብሰባ ሰነዶች፣ ዓመታዊ ሪፖርትና ቀደም ሲል ለሌሎች የተሰጡ መልሶች አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አሉ፤ የድንገተኛ ክፍልና የቀጠሮ መጠበቂያ ጊዜ አኃዞችን ደግሞ ኤን ኤች ኤስ ኢንግላንድ በየወሩ ያወጣል። በይፋ የሚገኝ መረጃ ከጠየቁ ተቋሙ ወዳለበት ቦታ ሊመራዎትና ጥያቄውን ሊዘጋ ይችላል፤ እስከዚያ ግን ሳምንታት ባክነዋል።

የሥራው ዋና ክፍል ጥያቄውን መጻፉ ነው፤ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የሚሸፍነው በጽሑፍ፣ በኮምፒውተር ወይም በድምፅና በምስል የተመዘገበ መረጃን ብቻ ሲሆን፣ ተቋሙ አዲስ ሐሳብ እንዲያመነጭ ወይም ለድርጊቱ ማብራሪያ እንዲሰጥ አያስገድደውም። «የእኛ ሰዎች ለምን አስተርጓሚ አያገኙም?» ብሎ የጻፈ ሰው የሚደርሰው መልስ ቢበዛ ትሕትና የተሞላ አንድ አንቀጽ ነው። ያንኑ ጉዳይ «አስተርጓሚ የሚጠራበትን ሁኔታ የሚወስነው የውስጥ መመሪያ ቅጂ ይላክልኝ» ብሎ ያቀረበ ሰው ግን ሰነዱን በእጁ ያገባል፤ ለምን የሚለውን ጥያቄም ከሰነዱ ራሱ አንብቦ መመለስ ይችላል። ሦስት ገጽ ሙሉ በደል ተዘርዝሮ መረጃው በመጨረሻው መስመር የሚጠየቅበት ደብዳቤም አይመከርም፤ ተቀባዩ ክፍል ቅሬታ ነው ብሎ ወደ ሌላ ቢሮ ሊመራው ይችላልና። በአገራችን የቢሮ ደብዳቤ ላይ «ጉዳዩ» ብሎ በአንድ መስመር ፍሬ ነገሩን የማስቀመጥ ልማድ እዚህ በደንብ ያገለግላል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ይመረጣል፤ ይዘቱም የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

«ጉዳዩ፦ በመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት የቀረበ ጥያቄ። ከኤፕሪል 1 ቀን 2023 እስከ ማርች 31 ቀን 2024 ባለው ጊዜ በትረስቱ ሥር ባሉ ሆስፒታሎች ሁሉ፣ አንደኛ፣ ለአማርኛ የተያዙ የአስተርጓሚ ቀጠሮዎች ብዛት በስልክ፣ በቪዲዮና በአካል ተለይቶ፤ ሁለተኛ፣ ከነዚህ ውስጥ አስተርጓሚ ባለመገኘቱ ያልተከናወኑት ብዛት፤ ሦስተኛ፣ በዚያው ጊዜ ለትርጉም አገልግሎት በጠቅላላ የተከፈለው ገንዘብ፤ አራተኛ፣ በሥራ ላይ ያለው የትርጉም አገልግሎት መመሪያ ቅጂ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ። አኃዞቹ በኤክሴል ቢላኩልኝ እመርጣለሁ። ጥያቄው ከወጪ ገደቡ የሚያልፍ ከሆነ እንዴት ላጠብበው እንደምችል እንድትመክሩኝ እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ያለ ምክንያት አልገባም። አንድ ትረስት መረጃው መኖሩን ለማጣራት፣ ለመፈለግና ከመዝገብ ለማውጣት ከ450 ፓውንድ በላይ የሚያስወጣውን ጥያቄ እንዲመልስ አይገደድም። ስሌቱ በሰዓት 25 ፓውንድ ስለሆነ ገደቡ 18 ሰዓት ነው ማለት ነው። የታካሚው ቋንቋ በኮምፒውተር በአንድ ቦታ ተለይቶ ተመዝግቦ ከሆነ ቁጥሩን ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ በሐኪሙ ማስታወሻ ውስጥ ብቻ ተጠቅሶ ከሆነ ግን 300 ፋይል እያንዳንዱን በአምስት ደቂቃ ማገላበጥ 25 ሰዓት ይፈጃል፣ ጥያቄውም ውድቅ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ተቋሙ ጠያቂውን የመምከርና የመርዳት ግዴታ ስላለበት፣ ዘመኑን በማሳጠር ወይም አንዱን ጥያቄ በመተው እንደገና ማቅረብ ይቻላል። ጥያቄውን ቆራርጦ በተከታታይ መላክ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ በ60 የሥራ ቀናት ውስጥ ከአንድ ሰው የመጡ ተቀራራቢ ጥያቄዎችን ወጪ ተቋሙ በአንድ ላይ ሊደምር ይችላልና።

እንደ አማርኛ ላሉ በእንግሊዝ ተናጋሪያቸው ጥቂት ለሆነ ቋንቋዎች ሌላም ጉዳይ አለ። ቁጥሩ አነስተኛ ሲሆን የታካሚው ማንነት እንዳይታወቅ በመስጋት ብዙ ትረስቶች «ከአምስት በታች» ብለው ብቻ ይመልሳሉ። ስለ አንድ ክሊኒክ በየወሩ የጠየቀ ሰው ሰንጠረዡ በሙሉ በዚህ ተሞልቶ ሊደርሰው ይችላል፤ ስለ ትረስቱ በሙሉ የዓመቱን ድምር የጠየቀ ግን የሚረባ ቁጥር የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጥያቄው ትክክለኛ ስምና የመልስ አድራሻ ሊኖረው ይገባል፤ ኢሜይል በቂ ነው፣ የብዕር ስም ግን አይሆንም። በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ለመረጃ ነፃነት ጥያቄ ወደተመደበው ኢሜይል ይላኩትና የላኩበትን ቀን ይያዙ። ተቋሙ ሳይዘገይ፣ ቢበዛ ጥያቄው ከደረሰው ቀጥሎ ባሉ 20 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ቅዳሜ፣ እሑድና የሕዝብ በዓላት አይቆጠሩም። በመካከል ማብራሪያ ከጠየቀዎት ቶሎ ይመልሱ፣ የ20 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ማብራሪያዎ ሲደርሰው ነውና።

ተቋሙ ከከለከለ በየትኛው የሕጉ አንቀጽ እንደከለከለ በጽሑፍ መግለጽ ግዴታው ነው። አንቀጽ 40 የሌላ ሰውን የግል መረጃ፣ አንቀጽ 41 በምስጢር የተሰጠ መረጃን፣ አንቀጽ 43 ደግሞ የንግድ ጥቅምን ይጠብቃሉ። ከሦስቱ ጠበቅ አድርጎ መሞገት የሚገባው የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ኮንትራት ሁሉ የንግድ ምስጢር ነው ማለት ለተቋሙ ቀላል ቢሆንም፣ ሕጉ የሚጠይቀው ጉዳቱ እንዲገለጽና መረጃው ይፋ ከመሆኑ ከሚገኘው የሕዝብ ጥቅም ጋር እንዲመዘን ነው። ይህ ሚዛን በመልሱ ላይ ካልታየ፣ ያንኑ ነጥብ ጠቅሰው መልሱ በደረሰዎት በ40 የሥራ ቀናት ውስጥ ውሳኔው በተቋሙ ውስጥ እንደገና እንዲታይ ያመልክቱ። ድጋሚ ምርመራው በተለምዶ በ20 የሥራ ቀናት መጠናቀቅ አለበት። ካልረኩ ያለ ምንም ክፍያ የሕጉን አፈጻጸም ለሚቆጣጠረው ለመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ የመጀመሪያ ደብዳቤዎን፣ መልሱንና የድጋሚ ምርመራውን ውጤት አያይዘው ይላኩ። ኮሚሽነሩ የሚሰጠውን ውሳኔ የሚቃወም ወገን ደግሞ በ28 ቀናት ውስጥ እንዲህ ያለውን ይግባኝ ወደሚያየው አንደኛ ደረጃ ትሪቡናል (የዳኝነት አካል) መሄድ ይችላል።

በዌልስና በሰሜን አየርላንድ የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው። ግላስጎው ወይም ኤደንብራ ያሉ አንባቢዎች ግን የሚመለከታቸው በ2002 የወጣው የስኮትላንድ ሕግ ነው፤ ጊዜው እዚያም 20 የሥራ ቀናት ሲሆን፣ የወጪ ገደቡ 600 ፓውንድ፣ አቤቱታውም የሚቀርበው ለስኮትላንድ የመረጃ ኮሚሽነር ነው።