ወደ ዲዝኒ የታሰበው ጉዞ ሲቀር ቤተሰብ ምን ያድርግ?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አጠገብ ወዳለው፣ አራት ፓርኮች ወዳሉት የመዝናኛ ሥፍራ ወደ ዲዝኒ ወርልድ ልጆቹን ለመውሰድ ሲያስብ ዝግጅቱ ብዙ ወራት ይፈጃል። የአንድ ቀን መግቢያ ብቻ በነፍስ ወከፍ ከ100 ዶላር በላይ ስለሆነ አባት ተጨማሪ ፈረቃ ይገባል፣ እናት ዕቁቧ እስኪደርሳት ትጠብቃለች፣ ሁለቱም የዓመት ፈቃዳቸውን ከልጆቹ የትምህርት ዕረፍት ጋር ለማገጣጠም አለቆቻቸውን ይለማመጣሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ከአራቱ ፓርኮች የትኛው እንደሚቀድም ሲከራከሩ ይከርማሉ። እንዲህ የተደከመበት ጉዞ ሲቀር ቅር የማይለው የለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ወላጆች የራሳቸውን ቅሬታ ዋጥ አድርገው ልጆቹን ቶሎ ዝም ለማሰኘት ሲጣደፉ የሚናገሩት ነገር ነው፤ ልጅ ጉዞውን ከረሳ በኋላ እንኳ ያን ቀን የተባለውን አይረሳምና።

ጉዞ በብዙ ምክንያት ይቀራል። አንዳንዱ ከማንም አቅም በላይ ነው። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት በየዓመቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የሚዘልቅ ሲሆን፣ ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ኢያን በተባለው፣ በኦክቶበር 2024 ደግሞ ሚልተን በተባለው አውሎ ነፋስ ምክንያት ተዘግቶ ነበር፤ በኮቪድ ጊዜም ከማርች 2020 አጋማሽ እስከ ጁላይ 11 በሩን አልከፈተም። በእኛ ቤት ግን ከነፋስ ይልቅ ጉዞ የሚያስቀረው ስልክ ነው። ከአገር ቤት የሕመም ወይም የሞት ወሬ ይመጣል፣ ለሽርሽር የተቀመጠው ገንዘብም ለሕክምና ወይም ለለቅሶ መሄጃ ቲኬት ይውላል። ፈቃድ የሚከለከል አለ፤ አብራ ትዝናናለች የተባለች አያት ቪዛ የምትከለከልበትም ጊዜ አለ።

ገንዘቡን በተመለከተ

«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» እንዲሉ፣ በተናደዱበት ሰዓት ስልክ አንሥቶ ሁሉንም ባንድ ጊዜ መሰረዝ ብዙ ጊዜ ያስከፍላል፤ ተስፋ ቆርጦ ዝም ማለትም እንዲሁ የመሰረዣውን ቀን ያሳልፋል። በመጀመሪያው ምሽት የከፈሉትን ሁሉ፣ ማለትም አውሮፕላኑን፣ ሆቴሉን፣ የፓርኩን መግቢያና የኪራይ መኪናውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ከየአንዳንዱ አጠገብ ያለ ቅጣት የሚሰረዝበትን የመጨረሻ ቀን ያስፍሩ። ቀኑ የሚቀርበውን አስቀድመው ይጨርሱ።

ሆቴሉንና መግቢያውን ከዲዝኒ በጥቅል የገዛ ሰው፣ ከሚገባበት ቀን 30 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲቀረው ቢሰርዝ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ከ29 እስከ 2 ቀን ሲቀረው ከሰረዘ 200 ዶላር ይቀነስበታል፤ ከዚያ ከዘገየ ምንም ላያገኝ ይችላል። ደንቡ የሚለወጥበት ጊዜ ስላለ በተላከልዎ ማረጋገጫ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ለብቻው የተገዛ ቀን የተቆረጠለት መግቢያ ገንዘቡ አይመለስም፤ ነገር ግን ፈጽሞ ካልተጠቀሙበት ዋጋው ለሌላ ጊዜ በሚገዙት መግቢያ ላይ ሊታሰብልዎ ይችላልና አይጣሉት። ኦርላንዶ ወይም የመኖሪያ አካባቢዎ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ከወጣበትና ማስጠንቀቂያው የወጣው ከመድረሻዎ ቀን በፊት ባሉት 7 ቀናት ውስጥ ከሆነ፣ ዲዝኒ አብዛኞቹን ጥቅሎች ያለራሱ ቅጣት እንዲያዛውሩ ወይም እንዲሰርዙ ይፈቅዳል። የገዙት በሌላ ሻጭ ወይም በሚያውቁት የጉዞ ወኪል በኩል ከሆነ ግን የሚመለከትዎት የዚያ ሻጭ ደንብ ነው።

በአውሮፕላኑ ላይ ብዙ ሰው መብቱን አያውቅም። በአሜሪካ ሕግ አየር መንገዱ ራሱ በረራውን ከሰረዘ፣ ወይም የአገር ውስጥ በረራ ከ3 ሰዓት በላይ ካዛወረና መንገደኛው በለውጡ ካልተስማማ፣ ገንዘቡ በሙሉ መመለስ አለበት፤ በክሬዲት ካርድ ለከፈለ ሰው ይህ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይፈጸማል። ሠራተኛው ለሌላ ጉዞ የሚሆን ክሬዲት ሊያቀርብልዎ ይችላል፤ ካልፈለጉት እምቢ ይበሉ። ጉዞውን የሰረዙት እርስዎ ከሆኑ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ክሬዲት ነው፤ የሚያበቃበትን ቀንም መዝግበው ይያዙ። ከሁሉ የከፋው ሳይሰርዙ መቅረት ነው፤ ያን ጊዜ የቲኬቱ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ይጠፋል። የጉዞ ኢንሹራንስ ያለው ሰው የቅርብ ዘመድ ሞትና ከባድ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈንለታል፤ አለቃ ፈቃድ ስለከለከለ ወይም ቪዛ ስላልተገኘ ግን ተራው ኢንሹራንስ እምብዛም አይከፍልም፤ አውሎ ነፋሱ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛም ለዚያ አውሎ ነፋስ አያገለግልም።

ለልጆች መንገር

ውሳኔው እርግጠኛ ሳይሆን «ምናልባት ላንሄድ እንችላለን» ማለት ልጆችን በሥጋት ያሰነብታል፤ ውሳኔው ካለቀ በኋላ መደበቅም አያዋጣም። አማርኛ አይሰሙም ብለን በስልክ የምናወራውን ልጆቻችን ከምናስበው በላይ ይሰሙታልና ከወላጆቻቸው አፍ ቢያውቁት ይሻላል። ጊዜው ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥበት ጠዋት ወይም የመኝታ ሰዓት አይሁን፤ ማልቀስም መጠየቅም የሚቻልበት የቅዳሜ ወይም የእሑድ ረፋድ ይመረጣል። ከተቻለ ሁለቱም ወላጆች ይኑሩ፣ ቋንቋውም ልጁ ስሜቱን የሚገልጥበት ይሁን።

ወሬው በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይነገር። «ልጆች፣ በዚህ ዕረፍት ወደ ዲዝኒ አንሄድም። አያታችሁ ታማለች፤ እኔና አባታችሁ ገንዘቡን ለሕክምናዋ ለመላክ ወስነናል። እኔም በጣም ነው የከፋኝ።» ከዚህ በኋላ ዝም ይበሉ። በዚህ አነጋገር ውስጥ «ወስነናል» የሚለውን አይዝለሉት። «አያታችሁ ስለታመመች ቀረ» ብቻ የተባለ ልጅ ጉዞውን የወሰደችበት አያቱ እንደሆነች ይቆጥራል፤ በአካል አይቷት የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ቂሙ ይጠናል። ወላጅ ውሳኔውን በራሱ ላይ ካደረገ ልጁ የሚቆጣው በወላጁ ላይ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ሊታገሡት የሚቻል ነገር ነው። ገንዘብ አጥሮ ሳለ «ፓርኩ ተዘግቷል» ማለትም አይገባም፤ የስድስት ዓመት ልጅ እንኳ ታላቁን ጠይቆ በደቂቃ ውስጥ እውነቱን ያውቃል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። ልጅ ሲያለቅስ አንደበታችን ላይ ቀድመው የሚመጡት ሁለት ንግግሮች ናቸው። አንደኛው «ለበጎ ነው» ይላል። በእምነት የተነገረ ቃል ስለሆነ ክፋት የለበትም፣ ነገር ግን ሰው ካዘነ በኋላ ራሱ የሚደርስበት ማጽናኛ እንጂ ማልቀስ ገና ለጀመረ ልጅ የሚሰጥ መልስ አይደለም። ሁለተኛው «አገር ቤት የሚበላው ያጣ ስንት ልጅ አለ!» ወይም «እኔ ባንተ ዕድሜ ከብት ነበር የምጠብቀው» የሚለው ነው። ይህን የሰማ ልጅ ሐዘኑ አይቀልለትም፤ የሚማረው ማዘን እንደሚያሳፍር ነው፣ በሚቀጥለውም ጊዜ የከፋውን ነገር ለእናቱ አይነግራትም። ምስጋናን ማስተማር ተገቢ ነው፣ ሌላ ቀን ይደረግ። ለጊዜው «አዎ፣ ያናድዳል፤ ስንት ቀን ስንጠብቀው ኖረን!» ማለት ይበቃል።

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያንኑ ጥያቄ ለቀናት ይደጋግማል፤ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነትና አጭር ይሁን፣ በስምንተኛው ጊዜ የተለየ መልስ ካገኘ በር የተከፈተ ይመስለዋል። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ከጉዞው በላይ የሚጨነቀው ለጓደኞቹ ምን እንደሚል ነው፤ «ቤተሰቤ ውስጥ ሰው ስለታመመ ጉዞው ቀረ» የሚለውን ቤት ውስጥ አብራችሁ ተለማመዱት። ወጣቱ ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ ይተዉት፣ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ አንኳኩተው ሊያወራ ከፈለገ እንዳሉ ይንገሩት። በሐበሻ ቤት በተለይ የታላቂቱን ልጅ ነገር አደራ እላለሁ፤ ታናናሾቿን ስታባብል አይተን ጠንካራ ናት ብለን እንዳናልፋት፣ ለብቻዋ ይጠይቋት።

«በሚቀጥለው ዓመት እንሄዳለን» የሚባለው ገንዘቡና ፈቃዱ በእጅ ከሆነ ብቻ ነው። እርግጠኛ ካልሆኑ ቃል የሚገቡት ስለ ጉዞው ሳይሆን ስለ ውሳኔው ቀን ይሁን፤ «ጃንዋሪ ላይ ያለንን አይተን እንነግራችኋለን» ካሉም በጃንዋሪ ይንገሩ፣ መልሱ አይሆንም ቢሆንም። ለትንሹ ልጅ በእውነት የሚያጽናና ነገር ካስፈለገ ቁመቱ ነው። ከአራቱ ፓርኮች አንዱ በሆነው በማጂክ ኪንግደም ያለው ስፔስ ማውንቴን የተባለው ፈጣን የመዝናኛ ባቡር 112 ሴንቲ ሜትር ያልደረሰ ልጅ አያሳፍርም፤ ዘንድሮ 106 የሆነ ልጅ ጉዞው ቢዘገይለት ሊሳፈር ይችላል። ግድግዳ ላይ ምልክት ያድርጉለት።

ባዶ የቀሩት ቀናት

የተፈቀደልዎትን ፈቃድ ቸኩለው አይመልሱ። ወሬው በተነገረበት ቀንም ምትክ ይዘው አይቅረቡ፤ አንድ ሁለት ቀን ይለፍ። ከዚያ አንድ ቀን ብቻ ልጆቹ እንዲመርጡት ይስጧቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ኪንግስ ዶሚኒየን፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ኸርሺ ፓርክ የተባሉት የመዝናኛ ፓርኮች በመኪና ደርሶ መልስ የሚያዋጡ ናቸው። ገንዘቡ ለሕመም ከዋለ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ሻንቲሊ ያለው የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው፤ የሚከፈለው የመኪና ማቆሚያው ብቻ ሲሆን፣ ወደ ጠፈር ሲመላለስ የኖረው ዲስከቨሪ መንኮራኩር እዚያ ቆሟል። ይህን «የእኛ ዲዝኒ» ብሎ ማቆለማመጥ አያስፈልግም፤ ልጆች ልዩነቱን ያውቃሉ።

ምክንያቱ ሞት ከሆነ ቤቱ በለቅሶ ደራሽ ይሞላል፤ ልጁ አያቱን ያን ያህል ሳያውቅ ጉዞው ስለቀረበት ማዘኑን በዚያ ሁሉ ሰው መካከል መናገር ይፈራል። ከዘመድ አንዱ፣ አክስት ወይም አጎት፣ ልጆቹን ለጥቂት ሰዓት ወደ ውጭ ቢያወጣቸው ለሐዘንተኛውም ለልጆቹም ዕረፍት ነው።

ስለ ወላጆች

ወላጅም ይከፋዋል። ለሥራ ባልደረባ፣ ለጎረቤትና ለአብሮ አደግ ተነግሮ ያደረን ጉዞ ማስተባበል ያሳፍራል፤ «ቀረብን፣ ሌላ ጊዜ ይሆናል» ከማለት ያለፈ ማብራሪያ ግን ለማንም ዕዳ የለብዎትም። ገንዘብ በመላክዎ ውስጥዎ ቢቆጭ ለትዳር ጓደኛዎ ይናገሩት፤ ለታመመው ዘመድ ግን በስልክ አያሰሙት፣ እሱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር የለም። አያት ቪዛ ስለተከለከለች የቀረ ጉዞ ከሆነም፣ እንደገና ማመልከት እንደምትችልና የማመልከቻው ክፍያ ግን እንደማይመለስ አስረድተው፣ ጥፋቱ በቪዛ ቃለ መጠይቁ የሰጠችው መልስ እንዳይመስላት ያጽናኗት።

ዳግም ሲታቀድ

ቪዛ በእጅ ሳይገባ የማይመለስ ቲኬት አይግዙ፤ የአሜሪካ መንግሥትም ለአመልካቾች የሚመክረው ይህንኑ ነው። አውሎ ነፋስ ከሚበረታባቸው ከኦገስትና ከሴፕቴምበር ይልቅ የአሜሪካውን የብርድ ወራት መጨረሻ ወይም ከማርች እስከ ሜይ ያለውን ጸደይ ይምረጡ። የልጆቹንም ልደት ያስቡ፤ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በነፃ ይገባል፣ አሥር የሞላው ደግሞ የአዋቂ ዋጋ ይከፍላል። ታላላቆቹን ሊቀር እንደሚችል ነግረው ከዕቅዱ መጀመሪያ ያማክሯቸው፤ ለትንንሾቹ ግን የሻንጣ መሸከፊያው ሳምንት ሲደርስ መንገር ይበቃል።