ከስሜን ተራሮች ቁልቁለት ላይ የሚላላ ፍሬን፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ዝናቡ አባርቶ የወገራ ማሳ ወደ ቢጫ ሲለወጥ፣ አልጋና ማድቤት የተገጠመላቸው መኪኖች በጎንደር አልፈው ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይወጣሉ። ሲመለሱ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ችግር ይዘው ጋራዣችን በር ላይ ይቆማሉ። የምጽፈው የጎማ ንፋስ፣ የሞተር ዘይትና የራዲያተር ውኃ አይቶ ለሚነሣ ሰው ነው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

ዳገት ላይ ሞተሩ ደክሞ ጥቁር ጭስ ካወጣ፣ አየር አጥሮታል። ፓርኩ ውስጥ ያለው የጨነቅ ካምፕ 3,620 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በሲሶ ያህል የሳሳ ነው። የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ ማርሽ ቀንሱ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ሞተር ለማስፈታት አትቸኩሉ።

የጋዝ ምድጃው ሌሊት እሳቱ ከሟሸሸ፣ ቡቴን ብቻ የተሞላ ነው ማለት ነው፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ያዙ። ሽሮው ቢዘገይባችሁ ግን ጥፋቱ የምድጃው አይደለም፤ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ነው።

ብርዱን ለመቋቋም ብላችሁ የከሰል ምድጃ መኪና ውስጥ አታስገቡ። መስኮት ገርበብ ማድረግ አያድንም። የፈመው ከሰል ጭሱ የማይታይ፣ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ብርድ ልብስ ደርቡ።

አሁን ወደ ፍሬኑ።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ ካለው የቧሂት መተላለፊያ ወደ ጨነቅ ስትወርዱ፣ ወይም ከደባርቅ አልፋችሁ በሊማሊሞ ስትጠመዘዙ፣ መጀመሪያ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸታል። ቀጥሎ ፔዳሉ ስፖንጅ የረገጣችሁ ያህል ይለሰልሳል፤ ከዚያ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሸራው ግሎ መያዝ አቅቶታል፣ አቁሞ ማቀዝቀዝ ነው። የሚለሰልሰው ግን የፈላ የፍሬን ዘይት ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሳለ መፍያው ቢያንስ 205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲገባበት ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ፈልቶ አረፋ ሲሠራ እግራችሁ የሚጨምቀው እንፋሎቱን እንጂ ዘይቱን አይደለም፤ ኃይሉ ጎማው ጋ አይደርስም። ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ ስትረግጡት ተመልሶ ይጠነክራል። ሰውን የሚያታልለው ይህ ነው፤ ‹‹ዳነ›› ብሎ ይነሣና ሦስተኛው ጥምዝ ላይ እንደገና ያጣዋል።

አንድ አባት ሚኒባሱን ለቤተሰቡ ሽርሽር አሠርቶ፣ ኋላ 200 ሊትር በርሜል ውኃ ጭኖ ወጣ። ይህ 200 ኪሎ ነው፤ ሳይቀንስ ይዞት ወረደ። ፔዳሉ ሲሰምጥበት መኪናውን ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ አዳናቸው። እኛ ጋ ሲደርስ አየርና አሮጌ ዘይት የሚወጣበትን የማስተንፈሻ ብሎን ፈትቼ ግልጽ ቱቦ ሰካሁ፤ የወጣው የቡና አተላ የመሰለ ፈሳሽ ነበር፣ መሐል መሐሉን አረፋ እየተከታተለ። መቼ እንደተቀየረ ስጠይቀው ‹‹ይቀየራል እንዴ?›› አለኝ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ነበር።

ሌላ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ የፍሬን ዘይቱ ጎደለ ብሎ የሞተር ዘይት ጨመረበት። ጎሚኒዎቹ፣ ማለት ዘይቱ እንዳያፈስ የሚያግቱት የላስቲክ ማሸጊያዎች፣ እንደ ተነከረ ባቄላ አብጠው አገኘኋቸው፤ ዋናውን የፍሬን ፓምፕና የአራቱንም ጎማ ጎሚኒ ቀየርን። ይህን አታድርጉ። ፈጽሞ።

መፍትሔው አሮጌውን ዘይት ሙሉ በሙሉ አውጥቶ፣ የመኪናው መመሪያ ከፈቀደ በዶት 4 መተካት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከፓምፑ ከሚርቀው ጎማ ጀምራችሁ፣ አረፋ የሌለው ንጹሕ ዘይት እስኪወርድ አስተንፍሱ፤ ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅ አንድ ሰው ይጠብቀው። በየሁለት ዓመቱ ይደገም። ማሸጊያው የተነካ ጠርሙስ አትግዙ፤ ከፍታችሁ ያስተረፋችሁትንም ለከርሞ አታስቀምጡ። በርካሽ የሚሸጠው ካርቶን መሰል የፍሬን ሸራ ያናድደኛል፤ አንድ ሊማሊሞ ሳይወርድ ይሰነጠቃል።

አወራረዱንም አስተካክሉ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ፣ ሲከፋ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁ፤ እግር አስደግፎ መውረድ ዘይቱን ያፈላዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ መንከባለል የመሪውንም የፍሬኑንም አጋዥ ኃይል ያጠፋል። ከሚጠጣው በቀር የጫናችሁትን ውኃ ሳትወርዱ እዚያው ላይ አፍሱት።

መንገድ ላይ ከላላባችሁ ደጋግማችሁ በፍጥነት ርገጡ፣ ማርሹን አንድ በአንድ አውርዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳቡ፣ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጥግ ያዙ። ከቆማችሁ በኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። የጋለ ዲስክ ላይ ውኃ አትድፉ፤ ይሰነጠቃል። ከዚያ አንድ ሰዓት አርፋችሁ፣ በአንደኛ ማርሽ እስከሚቀርበው ከተማ ብቻ ሂዱና ዘይቱን ሳታስቀይሩ ወደ ጎንደር አትነሡ።