ለደረቅ ሳል ፒርን በቹዋን ቤይ ሙ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

በብዙ የቻይና ቤቶች ጉሮሮን የሚከረክር ደረቅ ሳል ሲበረታ ቹዋን ቤይ ሙ የተጨመረበት ፒር (ፖም መሰል ፍራፍሬ) በእንፋሎት ይበስላል። ቹዋን ቤይ ሙ በሲቹዋንና በአካባቢው ከፍተኛ ተራሮች የሚበቅል ተክል ሲሆን፣ ለመድኃኒትነት የሚውለው እንደ ነጭ ሽንኩርት ራስ ያለው ሥሩ ነው። በልማዱ ለደረቅ ሳል ወይም ቢጫና ዝልግልግ አክታ ላለው እንጂ፣ ነጭና ቀጭን አክታ ላለው የብርድ ሳል አይታዘዝም።

መጀመሪያ መድኃኒቱን በጥንቃቄ ይግዙ፤ ውድ ስለሆነ በርካሽ ዘመዶቹ ይለወጣል። ሶንግ ቤይ የሚባለው ተመራጭ ዓይነት ከሥሩ ሁለት ክፋዮች ትልቁ ትንሹን አቅፎ ስለሚይዝ ቻይናውያን «ጨረቃን በእቅፉ የያዘ» ይሉታል። አንዴ ከተፈጨ ግን ይህ ምልክት ስለሚጠፋ፣ ያልተፈጨውን ገዝቶ ቤት መውቀጥ ይሻላል።

ከዚያም የአንድ ፒር አናት እንደ ክዳን ቆርጠው ያንሱና የመሐሉን ዘር በማንኪያ ያውጡ። በጎድጓዳው 2 ወይም 3 ግራም የቹዋን ቤይ ሙ ዱቄትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይጨምሩ፤ መድኃኒቱ መራራ ነውና ቢያበዙት ፒሩን ያበላሹታል እንጂ ጥቅም አያገኙም። ክዳኑን መልሰው በስንጥር ያያይዙት፣ በጎድጓዳ ሳህን አድርገው በሚፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ያብስሉት። ሥጋው ብርሃን ሲያሳልፍና ማንኪያ ያለ ኃይል ሲገባበት ደርሷል፤ ሳህኑ ላይ የጠለለውን ጭማቂ ሞቅ እንዳለ ጠጥተው ፒሩን ይብሉ።

ሳይንሱ ምን ይላል? በሥሩ ውስጥ ያሉት አልካሎይዶች የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በአይጦች ላይ ሳል ቀንሰዋል፤ በሰው ላይ ግን አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክራን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳደሰው ግምገማ የቻይና ዕፅዋትን ለአጣዳፊ ብሮንካይተስ (ለአየር ቧንቧ ብግነት) ለመምከር የሚበቃ ጥራት ያለው ጥናት አላገኘም። እኔ እፎይታው በአብዛኛው ከሞቀውና ከጣፋጩ ፈሳሽ የሚመጣ ይመስለኛል። ማር ለልጆች ሳል የተሻለ ማስረጃ አለው፤ ነገር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም።

ተቀላቅለው የታሸጉ የሳል ዕፅዋት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ማ ኹዋንግ፣ ማለትም ኤፌድራ የሚባለው ተክል፣ ኤፌድሪን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ስላለበት የልብ ምትን ያፋጥናል፤ አሜሪካም ኤፌድራ ያለባቸውን ተጨማሪ ምግቦች እ.ኤ.አ. በ2004 አግዳለች። ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር ሲበዛ የደም ግፊት ይጨምራል፣ መራራ የአፕሪኮት ፍሬ ደግሞ ሳያናይድ የተባለ መርዝ ያመነጫል። ነፍሰ ጡሮችና መደበኛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ሁለት ሳምንት ላለፈው፣ ደም ለቀላቀለው ወይም ትንፋሽ ለሚያሳጥር ሳል ፒር ከማብሰል ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የአክታ ምርመራ መጠየቅ ይገባል።