መድኃኒቱን ጨርሰህ አልተሻለህም? የእርሾ ፈንገሶች ችግርና መፍትሄ

«ፈንገስ ነው» ተባልክ፣ መድኃኒቱን ጨረስክ፣ ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆን ያንኑ መድኃኒት ደግሞ ይገዛል። ከዚያ በፊት ግን «የትኛው ፈንገስ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሰው የሚያሳምሙት እርሾዎች (ባለ አንድ ሴል ፈንገሶች) ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ሁሉም ለአንድ መድኃኒት እጅ አይሰጡም።

ምላስና ጉንጭ ላይ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር

በንጹህ ፋሻ ቀስ አድርገህ ጥረገው። ተነስቶ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ከታየ ካንዲዳ አልቢካንስ ሳይሆን አይቀርም። የማይነሳ ከሆነ ሐኪም ይየው። ይህ እርሾ በጤነኛ ሰው አፍም ይኖራል፤ የሚያምጸው የሰውነት ጥበቃ ሲላላ ወይም አፍ ውስጥ ሲመቸው ነው። ሰበቡ አንቲባዮቲክ፣ ከፍ ያለ ስኳር፣ ሌሊት የማይወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም ለአስም የሚሳብ ስቴሮይድ ሊሆን ይችላል። ኒስታቲን የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ያጸዳዋል። ስቴሮይዱን ከሳብክ በኋላ ግን ካልተጉመጠመጥክ ተመልሶ ይመጣል። ስትውጥ ካመመህ ወደ ምግብ ቧንቧው ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ታከም፤ የኤች አይ ቪ ምርመራም አድርግ።

የሴት ብልት ማሳከክና አይብ የመሰለ ፈሳሽ

ከአራት ሴቶች ሦስቱን ገደማ በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ ያገኛቸዋል። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ፈሳሹ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ከሆነ ግን ባክቴሪያ ጠርጥሪ፤ የፈንገስ መድኃኒት ባክቴሪያን አይነካም።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው አሁንም አልቢካንስ ነው። ባለ 150 ሚሊግራም አንድ የሚዋጥ ፍሉኮናዞል ወይም የሚቀባ ክሎትሪማዞል ይበቃዋል። እርጉዝ ከሆንሽ የሚዋጠው ይቅርብሽ፤ የሚቀባው ይሻላል።

አሁንም ካልተሻለሽ ካንዲዳ ግላብራታ ወይም ካንዲዳ ክሩሴይ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ፍሉኮናዞልን ብዙ ጊዜ ይቋቋማል። ሁለተኛው በተፈጥሮው አይበገርለትም። እዚህ ላይ ኪኒኑን መደጋገም ገንዘብ መበተን ነው። ናሙና ይወሰድና ካልቸር ይሠራ፤ ማለትም ፈንገሱ ላቦራቶሪ ውስጥ አድጎ ዓይነቱ ይለይ። ግላብራታ ከተገኘ ሐኪም ብልት ውስጥ የሚገባ ባለ 600 ሚሊግራም የቦሪክ አሲድ ካፕሱል ሊያዝ ይችላል። ይህ ካፕሱል ከተዋጠ መርዝ ነው፤ ከሌሎች ኪኒኖች ጋር አታስቀምጪው። በዓመት ሦስቴና ከዚያ በላይ ከተመላለሰብሽ ስኳርሽን ተለኪ።

ደረትና ጀርባ ላይ ነጣ ወይም ጠቆር ያለ ምልክት

ቋቁቻ ነው። የሚያመጣው ማላሴዢያ የሚባል ቅባት ወዳድ እርሾ ነው፤ ፎረፎር ውስጥም እጁ አለበት። በጥፍር ፋቅ ስታደርገው ዱቄት የመሰለ ነገር ይረግፋል። የኬቶኮናዞል ወይም የሴሌኒየም ሰልፋይድ ሻምፑ ተቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል። ፈንገሱ ከሞተም በኋላ የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። ብዙዎች «አልሠራም» የሚሉት እዚህ ላይ ነው።

ለሳምንታት እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታትና ትኩሳት

በተለይ ኤች አይ ቪ ያለበትና ሲዲ4 (በሽታ የሚከላከሉ የደም ሴሎች ቁጥር) ከ100 በታች የወረደ ሰው ላይ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ መድኃኒት አይሞከርም። ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ ከወፍ ኩስ ጋር በተደባለቀ አቧራ ተስቦ ሳንባ ይገባል፤ ከዚያ አንጎል ላይ ይወጣል። ለምርመራ ከጀርባ አጥንት መሀል በመርፌ የተቀዳው ፈሳሽ በጥቁር ቀለም ተለውሶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ጥቁሩ መሀል ነጭ ቀለበት የከበባቸው ክብ ሴሎች ብቅ ይላሉ። ሕክምናው የሚጀመረው ሆስፒታል ውስጥ በአምፎቴሪሲን ቢና በፍሉሳይቶሲን ነው። በሽተኛው ምልክት ከማሳየቱ በፊትም የደም ምርመራ በሽታውን ሊደርስበት ይችላል።

ሆስፒታል የተኛ ሰው ትኩሳት በአንቲባዮቲክ አልወርድ ሲል

ደም ሥር ውስጥ የቆየ ቱቦ ካለ፣ ካንዲዳ ደም ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል የደም ካልቸር ይጠየቅ። ከሁሉ አስቸጋሪው ካንዲዳ ኦሪስ ነው። በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት ታማሚ ጆሮ ተገኝቶ ነው የተመዘገበው፤ ስሙም በላቲን «ጆሮ» ማለት ነው። ብዙ መድኃኒት ይቋቋማል፣ አልጋና ዕቃ ላይ ይቆያል፣ አንዳንድ የተለመዱ ማጽጃዎችም አይገድሉትም። ስለዚህ ታማሚው ለብቻው ይተኛል፣ ክፍሉ ክሎሪን ባለው ማጽጃ ይጠረጋል፣ ቱቦውም ከተቻለ ይነቀላል።